መድኑ የልጄን የዘረመል ምርመራ አልሸፍንም አለ

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ከስምንት ወሯ ጀምሮ የሚጥል ሕመም ይነሳባታል፤ ንግግሯም ከእኩዮቿ በጣም ወደኋላ ቀርቷል። ሐኪሟ የኤክሶም ምርመራ (ፕሮቲን ለመሥራት መመሪያ የያዙትን የጂኖች ክፍሎች በአንድ ጊዜ የሚያነብ የዘረመል ምርመራ) ቢያዝዙላትም፣ የታቀፍንበት የመንግሥት የጤና መድን «ለሕክምናዋ አስፈላጊ መሆኑ አልተረጋገጠም» በማለት ጥያቄውን መልሶታል። ሕመሙን ለማያድን ምርመራ ለምን ትደክሚያለሽ የሚሉኝ ዘመዶችም አሉ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ የተጻፈልዎት እምቢታ የመጨረሻ ቃል አይደለም። መድኑም ዘመዶችዎም በመሠረቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ውጤቱ በልጅቷ ሕክምና ላይ ምን ይለውጣል?

በጨቅላነት ለሚጀምር የሚጥል ሕመም ይህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ አለው። «ኤስሲኤን1ኤ» በተባለው ጂን ላይ በሚደርስ ለውጥ የሚመጣው፣ የድራቬ ሕመም የተባለው ከባድ የሚጥል ሕመም ዓይነት መሆኑ ከታወቀ፣ ለሌሎች ሕሙማን የሚጠቅሙት እንደ ካርባማዜፒን ያሉ መድኃኒቶች ሕመሙን ሊያባብሱት ስለሚችሉ ሐኪሙ እንዲቀሩ ያደርጋል። ስኳርን ወደ አንጎል የሚያሻግረው ፕሮቲን የጎደላቸው ልጆች ደግሞ ስብ በበዛበትና ካርቦሃይድሬት በእጅጉ በተቀነሰበት፣ በባለሙያ ክትትል በሚሰጥ አመጋገብ ይረዳሉ፤ ቫይታሚን ቢ6 በመስጠት የሚታከም ዓይነትም አለ። ምርመራው በራሱ መድኃኒት ባይሆንም፣ የማይስማማት መድኃኒት እንዲቀርላት ማድረጉ ብቻ ለልጅዎ ቀላል ነገር አይደለም።

በመሆኑም መጀመሪያ የእምቢታውን ምክንያትና የይግባኙን ቀነ ገደብ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ የቱንም ያህል ጥሩ ማስረጃ ቢያቀርቡ ላይታይልዎት ይችላል። ከዚያም ሐኪሟ አዲስ ደብዳቤ እንዲጽፉ ያድርጉ። «ምርመራው ያስፈልጋታል» የሚል አጭር ወረቀት አይበቃም። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የትኞቹ መድኃኒቶች ተሞክረው እንዳልሠሩ፣ ቀደም ሲል የተደረጉት ምርመራዎች ምን እንዳሳዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ውጤት የትኛውን የሕክምና ውሳኔ እንደሚለውጥ በስም ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። የአሜሪካ የሕክምና ጄኔቲክስና ጂኖሚክስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች የኤክሶም ወይም የሙሉ ጂኖም (መላውን ዘረመል የሚያነብ) ምርመራ በመጀመሪያ ወይም በሁለተኛ ደረጃ እንዲታዘዝ ስለመከረ፣ ይህን መጥቀስ ይግባኙን ያጠናክራል። የሕዝብ መድኖችም ለጉዳዩ እንግዳ አይደሉም፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለተወሰኑ ሕፃናት የኤክሶም ምርመራን በሜዲኬር ትሸፍናለች፤ ሜዲኬይድ በተባለው የአሜሪካ የመንግሥት መድን ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ላሉት፣ ለአዋቂዎች የማይሸፈን አገልግሎት እንኳ ቢሆን፣ ለልጁ ሕክምና አስፈላጊ ከሆነ እንዲሸፈን ሕጉ ያዝዛል። የእርስዎ መድን የሚከተለውን መስፈርት ጠይቀው በእጅዎ ይያዙ፤ ደብዳቤውም በዚያው መስፈርት ቃላት ይጻፍ።

ብዙ ቤተሰብ የሚያጋጥመው ሌላ ችግር የወላጆች ናሙና ነው። የልጁ፣ የእናትና የአባት ናሙና አብሮ ሲነበብ፣ ለውጡ ከወላጅ የተወረሰ ወይም በልጁ ላይ አዲስ የተከሰተ መሆኑ ስለሚለይ ትርጉሙ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሆኖም መድኑ የልጁን ብቻ ከፍሎ የወላጆቹን ሊተው ስለሚችል፣ ሦስቱም በአንድ ማመልከቻ እንዲጠየቁ ሐኪሟን ያሳስቡ።

ምርመራው ቢፈቀድም መልስ ላይገኝ፣ ወይም «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ሊመጣ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁ። በእንዲህ ዓይነቱ ውጤት ላይ ብቻ ተመሥርቶ የልጅዎ ሕክምና መለወጥ የለበትም። ስለ ጂኖች ያለው ዕውቀት በየጊዜው ስለሚያድግ፣ የተቀመጠው መረጃ ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመር ቀድሞ ያልታየ መልስ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ በይግባኙ ላይ ይህ ዳግም ትንተና በሽፋኑ ውስጥ መካተቱንም አብረው ይጠይቁ።