ለወንድምሽ ባንድ ማኔጀር አትሁኚ

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ጉዳዩን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። በአካውንቲንግ በጥሩ ውጤት ተመርቀሻል። የአንድ ባንክ ፈተና አልፈሽ ተጠርተሻል፤ አባትሽም «ሙዚቃ ሥራ አይደለም፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ባንኩ ግቢ» ይሉሻል። የ23 ዓመቱ ወንድምሽ ከሦስት አብሮ አደጎቹ ጋር የመሠረተው ባንድ ከሠርግ ሥራ አልፎ ስሙ መነሳት ጀምሯል፤ ማኔጀር ሁኚልን ብሎሻል። አጎትሽ ኪቦርድና ሚክሰር መግዣ ብር አዘጋጅተዋል፣ ግን «ገንዘቡን የምትይዘው የወንድሜ ልጅ ከሆነች ብቻ» ብለዋል። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ ልባቸው ያለው ዱባይ እወስዳችኋለሁ ከሚላቸው ፕሮሞተር ጋር ነው። ባለፈው ሠርግ ብሩ ሲከፋፈል ወንድምሽ ድምፃዊ ነኝ ብሎ የሁለት ሰው ድርሻ ወሰደ፤ ድራመሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ማስተርስ ልማር ወይ፣ አዲስ አበባስ ልግባ ወይ ብለሻል። ስለ ዝነኛው የእንግሊዝ ባንድ ስለ ቢትልስ መፍረስ ካነበብሽ በኋላ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፦ «እነሱ እንኳ በፍርድ ቤት ከተለያዩ እኛ ምን ዋስትና አለን? ግን ውል እንጻፍ ብል አላመነችንም ይሉኛል።»

ለሁሉም ጥያቄሽ እኩል አልመልስም። ብዕር ያስነሳኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለብዙ ዓመታት ኦዲተር ነበርኩ። የወንድማማችና የጓደኛማች ድርጅቶች ሲፈርሱ መዝገባቸውን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። በአብዛኞቹ ውስጥ ሌባ አላገኘሁም። ያገኘሁት ይሉኝታ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው በደጉ ጊዜ ለመጠየቅ ያፈሩ ሰዎች።

ስለ ቢትልስ መለያየት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው የሚስቶችን ነገርና የልጆቹን ኩራት ነው። እኔ የማየው የፈረሙትንና ያልፈረሙትን ወረቀት ነው (የነሱ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ የምጠቅሳቸው የአገራችን አዋጆች ብቻ በእኛ ናቸው)። ማኔጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን በኦገስት 1967 በ32 ዓመቱ ሞተ። ከገቢያቸው 25 በመቶ ይወስድ ነበር፤ ቀላል አይደለም። ትልቅ ጥፋትም ነበረበት፤ በስማቸውና በምስላቸው ለሚሸጡት ዊጎችና አሻንጉሊቶች መጀመሪያ የተፈረመው ውል 90 በመቶውን ለነጋዴዎቹ ሰጥቶ ለባንዱ ወገን 10 ብቻ ያስቀረ ነበር። ያም ሆኖ አራቱም ያምኑት ነበር። እሱ ሲሞት አራቱም የሚያምኑት ሰው ገንዘቡ አጠገብ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው።

መጀመሪያ ወንድምሽን የሚመለከተውን ልንገርሽ። በ1963 የባንዱ ዘፈን ደራሲዎች ጆን ሌነን የ22፣ ፖል ማካርትኒ የ20 ዓመት ልጅ ሳሉ ዘፈኖቻቸውን የሚያስተዳድር ኖርዘርን ሶንግስ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ለእነሱ ብቻ የሚቆም ጠበቃ ሳይዙ ፈረሙ። ግማሹ ድርሻ የአሳታሚው የዲክ ጄምስና የሸሪኩ ሆነ፤ ሁለቱ ደራሲዎች 20፣ 20 በመቶ፣ የኤፕስታይን ድርጅት 10 በመቶ ያዙ። በ1969 ጄምስና ሸሪኩ ድርሻቸውን ኤቲቪ ለሚባል ኩባንያ ሸጡት፤ ለደራሲዎቹ አስቀድመው አልነገሯቸውም። ሁለቱም በዚያው ወር አግብተው ገና ሙሽሮች ነበሩ። መልሰው ለመግዛት ታገሉ፣ አልሆነላቸውም። በ1985 ማይክል ጃክሰን ኤቲቪን በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ማካርትኒ በ2017 ስለ እነዚሁ ዘፈኖች መብት ኒው ዮርክ ላይ ክስ መሥርቶ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። በ20 ዓመቱ በፈረመው ወረቀት የተነሳ በ74 ዓመቱ ፍርድ ቤት ሄደ።

አንቺን በቀጥታ የሚነካው ግን የሚቀጥለው ነው። በ1969 መጀመሪያ ሌነን ማኔጀር እንዲሆን አለን ክላይን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው አመጣ፤ ሌሎቹ ሁለት የባንዱ አባላት ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር ተከተሉት። ማካርትኒ የፈለገው ሊ ኢስትማንንና ልጁን ጆን ኢስትማንን ነበር። ሁለቱም ጠበቆች ናቸው፣ ሙያውን ያውቁታል፤ ግን የሊንዳ አባትና ወንድም ናቸው፣ የማካርትኒ አማትና የሚስቱ ወንድም ማለት ነው። ሦስቱ እምቢ አሉ። ራስሽን በሌነን ቦታ አስቀምጪ፤ የጓደኛሽ አማት መጥቶ የጋራችሁን ካዝና ልያዝ ቢልሽ እሺ ትያለሽ?

የሚያሳዝነው ኢስትማኖቹ ክላይንን መጠርጠራቸው ልክ ነበር። ሦስቱ በ1973 ከክላይን ጋር ተለያይተው ለዓመታት ተካሰሱ፤ ክርክሩ በ1977 ሲዘጋ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሉት። ኢስትማኖቹ እውነቱን ቢይዙም ዘመድ ስለሆኑ ሰሚ አላገኙም። አንቺም በዱባዩ ፕሮሞተር ላይ ያለሽ ጥርጣሬ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የድምፃዊው እህት፣ በአጎቷ ብር የተሾመች ማኔጀር ሆነሽ ስትናገሪው ድራመሩ የሚሰማው «ቤተሰቡ ባንዱን ሊወስደው ነው» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሠርግ ማታ ካየው በኋላ አልፈርድበትም።

የዚህ ዓይነት ጠብ እስከ ምን እንደሚደርስ ተመልከቺ። በሜይ 1969 ሦስቱ ከክላይን ጋር ፈረሙ፤ ማካርትኒ አልፈረመም። ከክላይን ጋር ውል ስለሌለው ክላይንን መክሰስ አልቻለም። ያገኘው መውጫ በ1967 አራቱ የፈረሙትን የሽርክና ውል ማፍረስ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ተከሳሾቹ ጓደኞቹ መሆን ነበረባቸው። ውሉ የ10 ዓመት ነው፤ ከግጥምና ዜማ ድርሰት ገቢ በቀር፣ አንዱ ለብቻው ከሚያወጣው አልበም የሚገኘው ሳይቀር ወደ ጋራ ቋት ይገባል። ክሱ ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የገባው በ1970 የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31 ነው። ማርች 12 ቀን 1971 ዳኛው ክላይን ያለ ማካርትኒ ስምምነት መሾሙ የሽርክናውን ውል እንደሚጥስ፣ የሒሳቡም ይዞታ የተምታታ እንደሆነ ገልጸው ገንዘቡን የሚይዝ ገለልተኛ ሰው ሾሙ፤ ጄምስ ስፑነር የሚባል የሒሳብ ባለሙያ። በዓለም ላይ ከነሱ በላይ የታወቀ ባንድ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ ያዘዘላቸው ግን የማንም ወገን ያልሆነ አንድ አካውንታንት ነው። ከዚያም በኋላ ነገሩ ቶሎ አላለቀም። ሌነን የመፍረሻውን ሰነድ የፈረመው በዲሴምበር 1974 ፍሎሪዳ ውስጥ ዲዝኒ ወርልድ ሆቴል ሆኖ ሲሆን፣ ሽርክናው በሕግ የፈረሰው በጃንዋሪ 1975 ነው።

አንድ ሰው ደግሞ አለልሽ፣ ስለ ዘፋኞቹ ሲወራ የሚረሳ፤ ኒል አስፒናል። የማካርትኒና የሃሪሰን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ሊቨርፑል ውስጥ የሒሳብ ሥራ ተለማማጅ ሳለ ማታ ማታ ባንዱን በቫን ያመላልስ ነበር፤ በኋላ ሥራውን ትቶ አብሯቸው ሆነ። ኩባንያቸውን አፕል ኮርፕስን ከ1968 እስከ 2007 የመራው እሱ ነው። አራቱ በጠበቃ ሲነጋገሩ አራቱም እሱን ያነጋግሩት ነበር። በሙያሽ ለሙዚቃ የምትጠቅሚበትን መንገድ ከፈለግሽ የማሳይሽ እሱን ነው። ግን ልብ በይ፣ አስፒናል የአንዳቸውም ዘመድ ሆኖ አልመጣም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ባንኩ ግቢ። የአባትሽን ምክንያት ግን አልቀበለውም። ሙዚቃ ሥራ ነው፤ አንድ ዘፈን 60 ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያስገኝና ሰው ሲያካስስ አሁን አየን። አባትሽን የሚያሳስባቸው የሥራው ዓይነት ሳይሆን የደመወዙ ቀን መሆኑን ቢናገሩ ይሻል ነበር፤ እሱን እኔም እረዳዋለሁ። ባንክ ግቢ የምልሽ የሌላ ሰው ገንዘብ መያዝን እንድትለማመጂ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጥቂት ብር ጎድሎ ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ሲፈልግ፣ አለቃሽ ለዘመዱም ለማያውቀውም ደረሰኝ ሲጠይቅ ታያለሽ። እኔን የሠራኝ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሥሪ፤ በቅዳሜና እሁድ የባንዱን መዝገብ ያዢ፣ ያውም አራቱም በፊርማቸው ከጠየቁሽ ብቻ። ማኔጀርነቱን ለማንም ዘመድ ላልሆነ ሰው ተዪው።

ውሉን በተመለከተ «ችግር ከመጣ በሽማግሌ እንፈታዋለን» ብሎሻል ወንድምሽ። ሽማግሌ ሰው ያስታርቃል፤ ያልተጻፈ መቶኛ ግን ከየት ያመጣል? ደግሞ ውል እንጻፍ ማለት አለማመን የሚሆነው ከተጣሉ በኋላ ነው። አሁን እየበላችሁ እየጠጣችሁ ሳለ ብትጽፉት አንድ ገጽ ይበቃችኋል። እስክሪብቶውን ራስሽ ያዢና ከባለፈው ሠርግ ጀምሪ። ተከፈለ 60 ሺህ ብር በይ። ከላይ የሳውንድ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ የቴክኒሻን ይቀነስ። ከቀረው ለባንዱ ቋት ስንት በመቶ ይቀመጥ? ከዚያ ለእያንዳንዱ ስንት? ለድምፃዊ ጨመር አድርጎ የሚከፍል ባንድ ብዙ ነው፣ ነውር የለበትም። ነውሩ ከመድረክ ከወረዱ በኋላ፣ ብሩ እጁ ላይ ያለው ሰው ብቻውን ሲወስነው ነው። ይህን ለወንድምሽ በግልጽ ንገሪው፤ እናትሽ «የቤት ገመና አታውጪ» ቢሉሽም። ለድራመሩም ቀሪ ድርሻውን ይስጠው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይህ ካልተደረገ ወረቀቱን ማንም አያምነውም።

ሌላው የዘፈን ጉዳይ ነው። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ከስቱዲዮ ሳትወጡ በዚያው ቀን ጻፉና ፈርሙ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ደራሲና ከዋኝ (የሚዘፍነው ወይም መሣሪያ የሚጫወተው) የየራሳቸው መብት አላቸው፤ የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ድራመሩ ዜማ ባይደርስም በቀረጻው ላይ ያለው ምት የእሱ ነውና ባዶ እጁን አይደለም። የባንዱ ስም የማን ነው? አንዱ ቢወጣ ስሙን ይዞ ይሄዳል ወይ? የዩቲዩቡ ቻናል በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? እነዚህን ጻፉ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ አንዱ ፈራሚ ወንድምሽ ከሆነ ሌላው ድራመሩ ይሁን። የሕግ ባለሙያ ካየው በኋላ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።

የአጎትሽ ብር በዚህ ሁኔታ አይነካ። የሚሰጡት ገንዘብ አንቺን ለመሾም ከሆነ ወንበር እየገዙ ነው፤ ለአንቺም አይጠቅምሽም። ለባንዱ ያበድሩ፣ መመለሻው ቀን ይጻፍ፣ ኪቦርዱ እስኪከፈል የማን ንብረት እንደሆነ ይጠቀስ። ቅር ካላቸው ደግሞ መሣሪያ ተከራይቶ መሥራት ይቻላል።

ማስተርስ አሁን አያስፈልግሽም። አዲስ አበባ መግባቱንም ባንኩ ካዛወረሽ ያኔ ታስቢበታለሽ።

የቀረው ፕሮሞተሩ ነው። እሱን በተመለከተ ሃሪሰንን አስታውሺ። ከዘፈኖቹ አንዱ ሳያውቀው ከሌላ ዘፈን የተወሰደ ነው ብሎ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በ1976 ፈረደበት። ክሱ ሲጀመር ማኔጀሩ ክላይን ነበር። ከተለያዩ በኋላ በ1978 ክላይን የዚያን የከሳሽ ኩባንያ መብት በ587 ሺህ ዶላር ገዝቶ የቀድሞ ደንበኛውን ተከሳሽ አደረገው። ፍርድ ቤቱ በ1981 ከገዛበት ዋጋ በላይ አታተርፍበትም አለው እንጂ ነገሩ ብዙ ዓመት ጎተተ። ስለዚህ ከፕሮሞተሩ ጋር የሚፈረመው ውል ኮሚሽኑን ብቻ አይናገር፤ ውሉ ካበቃ በኋላ በስማቸውና በሥራቸው ምን ማድረግ እንደማይችልም ይናገር። የቲኬት፣ የሆቴልና የቪዛ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ኮንሰርቱ ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። አራቱም በአንድ ክፍል ቁጭ ብለው ሳያነቡት ማንም ለብቻው አይፈርም። ፓስፖርታቸውንም ቅጂውን እንጂ ዋናውን እጁ ላይ አይተዉ።