ገንዘብ ያዡን ማን ይምረጥ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ዋሽንግተን ስቴት የግምጃ ቤት ኃላፊ ምርጫ አንድ ደብዳቤ ደርሶኝ "ይህን ደግሞ ማን ያነበዋል" ብዬ አሳድሬው ነበር። ሲያድር ተባዛ። አሁን አምስት ሆነዋል፣ ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የነሱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስማችሁንም ትቼዋለሁ።

ከሬንተን፦ "በ2024 የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ መጣልኝ። ልጆቹን አስተኝቼ፣ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፕሬዚዳንቱን ሞላሁ፣ ገዢውን ሞላሁ፣ 'ስቴት ትሬዠረር' (የስቴቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ) የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሁለቱንም ሰዎች አላውቃቸውም። ባዶ ተውኩት። ጥፋት ነው? ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው? ታክስ የሚጨምርብን እሱ ነው?"

እህቴ፣ ጥፋት የለብሽም። አንዱን ቦታ ባዶ ብትተዪው የቀረው ይቆጠርልሻል፣ ወረቀቱ አይበላሽም። ግን ሰውዬውን ብታውቂው ኖሮ የምትተዪው አይመስለኝም።

ዕድር ካለሽ እሱን ታውቂዋለሽ። ገንዘብ ያዡ ነው። መዋጮው ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ጉባኤው ነው። ሐዘን ሲደርስ ስንት ይሰጥ የሚለው በደንቡ ተጽፏል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ባንክ ያስገባል፣ ሲታዘዝ ያወጣል። ሥልጣኑ ትንሽ ይመስላል፣ ግን እሱ የተዝረከረከ ቀን ድንኳኑም አይተከል፣ ንፍሮውም አይቀቀል።

የዋሽንግተኑም እንደዚያው ነው። ታክስ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በስቴቱ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ ያለው ምክር ቤት ነው፣ ገዢው ይፈርማል። የግምጃ ቤት ኃላፊው የገባውን ገንዘብ ይጠብቃል፣ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ወለድ እንዲያመጣ ያስቀምጠዋል። ከተሞች፣ ካውንቲዎችና የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶችም ለጊዜው የማይፈልጉትን ገንዘብ እሱ በሚያስተዳድረው አንድ የጋራ ቋት ውስጥ ማስቀመጥ ይችላሉ። (ዕቁብ እንዳይመስልሽ፣ ዕጣ የለውም።) የስቴቱን የጡረታ ገንዘብ በሚያስተዳድረው ቦርድ ውስጥም አንድ ወንበር አለው። የመምህራን፣ የፖሊሶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ማለት ነው፣ ከኛም ሰው ስንቱ እዚያ ውስጥ አለ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ብድሩ ነው። ስቴቱ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለድልድይ ሲበደር ቦንድ ይሸጣል፣ የሚሸጠውም በዚህ ቢሮ በኩል ነው። የሕዳሴ ግድብን ቦንድ የገዛ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፣ ልዩነቱ እዚህ ቦንዱን የሚገዙት በአብዛኛው ትልልቅ የገንዘብ ድርጅቶች መሆናቸው ነው፣ እነሱ ደግሞ በአገር ፍቅር ሳይሆን በወለድ ነው የሚያስቡት። ስቴቱ የታመነ ተበዳሪ ከሆነ ወለዱ ዝቅ ይላል። በ2019 ሙዲስ የሚባለው ደረጃ አውጪ ለዋሽንግተን የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ሰጠ። ወለዱ የሚከፈለው ካንቺም ኪስ ስለሆነ ጉዳዩ ያገባሻል።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅዪ። በኤፕሪል 30 እና በኦክቶበር 31 የምትከፍዪው የቤት ግብር የካውንቲ ጉዳይ ነው። የካውንቲ ትሬዠረርና የስቴት ትሬዠረር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በግብርሽ ተናደሽ የስቴቱን ሰውዬ ብትቀጪው ያለ ጥፋቱ ነው።

እኛ አገር ይህ ሹመት እንጂ ምርጫ ሆኖ አያውቅም። በድሮው ዘመን በጅሮንድ ነበር፣ ንጉሡ ይሾመዋል፣ ንጉሡ ይሽረዋል። ዛሬም የክልል ፋይናንስ ቢሮ ኃላፊ በክልሉ ፕሬዚዳንት አቅራቢነት በምክር ቤት የሚሾም እንጂ ሕዝብ ወረቀት ላይ ክብ የሚያጠቁርለት ሰው አይደለም። እጅሽ ቢቆም አልፈርድብሽም።

ከሲያትል፦ "እኔ የምለው፣ እዚህ ስቴት ዴሞክራት ማሸነፉ የታወቀ ነው። በኖቬምበር እመርጣለሁ፣ እሺ። የኦገስቷን ምርጫ ግን ምን ብዬ ልጨነቅባት? በዚያ ሙቀት ማን ትሬዠረር ይመርጣል?"

ወንድሜ፣ ከሁሉም ደብዳቤ ያንተን ወደድኩት፣ ምክንያቱም ልክ እንዳንተ ያሰበ ሰው በዝቶ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኗል።

ዘመኑ 2016 ነው። የነበረው ትሬዠረር ዳግም አልወዳደርም አለ፣ ወንበሩ ክፍት ሆነ። አምስት ሰዎች ገቡ፣ ሦስት ዴሞክራትና ሁለት ሪፐብሊካን። እዚህ ስቴት የኦገስቱ ማጣሪያ እንደ ሌላው ስቴት እያንዳንዱ ፓርቲ ለብቻው የራሱን ሰው የሚለይበት አይደለም። ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ይሰለፋሉ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት፣ የየትም ፓርቲ ይሁኑ፣ ለኖቬምበር ያልፋሉ። ሕዝቡ በ2004 በድምፁ ያጸደቀው ነው፣ ፓርቲዎቹ ክስ መሥርተው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተረቱና በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ወረቀቱ ላይ ከስሙ ሥር "ዴሞክራቲክ ፓርቲን ይመርጣል" የሚል ነገር አይተህ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ፓርቲው መረጠው ማለት ሳይሆን እሱ ፓርቲውን መረጠ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው የትርጉም ስህተት መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ሲቆጠር ምን ሆነ? ዱዌን ዴቪድሰን፣ በምሥራቅ በኩል የቤንተን ካውንቲ ትሬዠረር የነበረ ሪፐብሊካን፣ 25 በመቶ ገደማ። ሁለተኛው ሪፐብሊካን ማይክል ዌይት 23 በመቶ። ሦስቱ ዴሞክራቶች 20፣ 18 እና 13 በመቶ አካባቢ። ደምረው። ሦስቱ ዴሞክራቶች አንድ ላይ ከግማሽ በላይ አገኙ፣ ግን ለሦስት ተካፍለውት ሦስቱም ቀሩ። "ዴሞክራት ማሸነፉ የታወቀ ነው" በተባለው ስቴት፣ በኖቬምበር ወረቀት ላይ ለዚህ ወንበር አንድም ዴሞክራት አልነበረም። ሁለት ሪፐብሊካን ቀርቦ "ከነዚህ አንዱን" ተባለ። ዴቪድሰን አሸነፈ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ሆነ። የማንም ደጋፊ ሁን፣ ነገሩ የተጠናቀቀው በኦገስት ነው፣ አንተ አልካይ የባሕር ዳርቻ ባርበኪው ላይ በነበርክበት ሳምንት።

በ2020 ማይክ ፔሊቾቲ የሚባል ዴሞክራት ዴቪድሰንን አሸነፈው፣ በ2024ም ደገመ። ሬንተን ያለችው እህታችን ባዶ የተወችው ቦታ ያ ነበር። በወንበሩ ላይ ቀጣዩ ምርጫ በ2028 ነው።

"ያ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው" ልትል ነው። በ2024 ኦገስት፣ የመንግሥት መሬትና ደን ኃላፊ ለሚባለው ሌላ የስቴት ወንበር፣ አምስት ዴሞክራትና ሁለት ሪፐብሊካን ገቡ። ያው ታሪክ ሊደገም ነበር። ለሁለተኛው ቦታ የቀረቡት የድምፃቸው ልዩነት እጅግ ጠባብ ስለሆነ በእጅ እንደገና ተቆጠረ፣ ዴሞክራቱ ዴቭ አፕተግሮቭ በ49 ድምፅ አለፈ። በስቴቱ በሙሉ ከተሰጠው 1.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ውስጥ 49! እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ የሚያወራው ሰው ከዚያ ይበልጣል። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ያው ሰው አሸነፈ። ሙቀቱን እንግዲህ አንተው ታገሠው።

ከሾርላይን፦ "ልጄ ሥራ ስለሚበዛበት ወረቀቱን አብረን ነው የምንሞላው። እኔ እንግሊዝኛ ብዙም አላነብም። ፖስታው ላይ እሱ ቢፈርምልኝስ? ፊርማዬ በአማርኛ ነው፣ አይቀበሉኝም ብዬ ፈራሁ።"

እማማ፣ እንደምን አሉ። ልጅዎ ቢያነብልዎ፣ ምርጫዎን ነግረውት ክቡን ቢያጠቁርልዎ ምንም አይደለም። ፊርማውን ግን እንዳይነካው። ፊርማው የእርስዎ ብቻ ነው። እጅ አልታዘዝ ብሎ መፈረም የማይቻል ከሆነ ምልክት አድርገው ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል።

የአማርኛ ፊርማ ችግር የለውም። ችግሩ አንድ ቦታ በአማርኛ፣ ሌላ ቦታ በእንግሊዝኛ ሲሆን ነው። ይህን የማውቀው በራሴ ደርሶ ነው። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ያ ስክሪን ላይ በፕላስቲክ ብዕር በእንግሊዝኛ ጫር ጫር አድርጌ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ የምርጫው ፖስታ ላይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተረጋግቼ፣ በአማርኛ ያማረ ፊርማ አስቀመጥኩ። የሚያነጻጽሩት ፋይል ውስጥ ካለው ጋር ነው። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፣ "ፊርማዎ አልተመሳሰለም" የሚል። መጀመሪያ ማጭበርበር መስሎኝ ልጥለው ነበር። ውስጡ ፎርም አለ፣ ፈርመው ሲመልሱት ድምፅዎ ይቆጠራል፣ የጊዜ ገደብ ግን አለው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣልዎ ልጅዎ ማታ ሲገባ "ነገ አየዋለሁ" እንዳይልዎ።

ለፖስታው ቴምብር አያስፈልግም። እኔ ብሆን ግን መንገድ ዳር ካለው የድምፅ ሳጥን ውስጥ ነው የምከተው። በፖስታ ቤት ከሆነ እስከ ምርጫው ቀን ያለ ማኅተም ሊኖረው ይገባል፣ ዛሬ ያስገቡት ደብዳቤ ደግሞ ዛሬውኑ ላይታተም ይችላል። ሳጥኑ የምርጫው ዕለት ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ በኛ አቆጣጠር ነው የምልዎት።

ከኬንት፦ "ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ታክስ እከፍላለሁ። ለስቴት ወንበር፣ ለፕሬዚዳንት ሳይሆን፣ መምረጥ እችላለሁ? ጓደኛዬ 'ለስቴት ይፈቀዳል' አለኝ።"

አትችልም። ለትሬዠረርም፣ ለገዢም፣ ለምንም የስቴት ወንበር። ጓደኛህ ወዳጅህ ይሁን እንጂ ምክሩን አትስማው። ዜጋ ሳትሆን መመዝገብና መምረጥ እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል፣ የዜግነት ማመልከቻው ላይም "ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?" ተብለህ በቀጥታ ትጠየቃለህ። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ወይም ገበያ ላይ አንድ ሰው ፎርም ሲዘረጋልህ ሳታነብ አትፈርም። በስህተት ተመዝግበህ ከሆነ ደግሞ እኔን አትጠይቀኝ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ፣ ዛሬ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ "እኛ ሜሪላንድ ይህን ምርጫ አይተነው አናውቅም። ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ 'ከስቴት ግምጃ ቤት ነኝ፣ የተረሳ ገንዘብ አለህ፣ መጀመሪያ 200 ዶላር ላክ' አለኝ።"

የሜሪላንድን ትሬዠረር የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ እናንተ የምትመርጡት ኮምፕትሮለሩን፣ የስቴቱን የገቢና የሒሳብ ኃላፊ፣ ነው። ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ብትሄድ ደግሞ ገዢው ይሾመዋል። ኮሎራዶና ኔቫዳ ያሉት ዘመዶቻችን ግን እንደ ዋሽንግተን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ደዋዩ ሌባ ነው። የተረሳ ገንዘብ የሚባለው ነገር ግን እውነት ነው። የድሮ ባንክ ሒሳብ፣ ያልተመነዘረ ቼክ፣ ያልተመለሰ ዲፖዚት ስቴቱ ጋ ይቀመጣል፣ መፈለጉም መጠየቁም በነፃ ነው። የት እንደሚፈለግ ብቻ ከስቴት ስቴት ይለያያል። አንተ ጋ ኮምፕትሮለሩ ዘንድ፣ ኮሎራዶና ኔቫዳ ትሬዠረሩ ዘንድ ነው፣ ዋሽንግተን ግን የገቢ መሥሪያ ቤቱ ነው የያዘው። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ስም አስገብቼ ፈለግሁ፣ ስሜን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩ፣ የኛ ስም መቼም አንድ ቦታ እንደተጻፈው ሌላ ቦታ አይጻፍም። በሦስተኛው 37 ዶላር ወጣችልኝ። ቼኩን እየጠበቅሁ ነው።