ዕረፍት ላይ ቀኑን ቀንሱ፣ ብርታቱን አትቀንሱ

ልጆቼ፣ ለዕረፍት ልትሄዱ ስትሉ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፦ «ሁለት ሳምንት ስፖርት ካቆምኩ የለፋሁበት ሁሉ ገደል አይገባም ወይ?» በፊዚዮቴራፒ ሙያ የሸበትኩ ነኝና ረጋ በሉ እላችኋለሁ። የጡንቻ ጉልበት ለሁለትና ሦስት ሳምንት ዕረፍት እምብዛም አይጎድልም። ቶሎ የሚከዳችሁ ትንፋሽ ነው። ጨርሶ ከተቀመጣችሁ የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማ የምንለው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ ልብም ለዚያው ሩጫ ቶሎ ቶሎ መምታት ግድ ይሆንበታል።

ደግነቱ የያዙትን ማቆየት አዲስ ከመገንባት ይቀላል። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመራማሪው ሮበርት ሂክሰንና ባልደረቦቹ በሳምንት 6 ቀን ስፖርት የሚሠሩ ሰዎችን ወደ 4 እና 2 ቀን አውርደው ለ15 ሳምንት ተከታተሏቸው። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው አልወረደም። የእያንዳንዱን ቀን ደቂቃ ሲያሳጥሩም እንደዚያው ሆነ። አቅም የወረደው የሥራውን ብርታት ሲቀንሱ ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃችኋል፤ አጭር ይሁን፣ ግን ላብ ያስወጣ። የሆቴሉን ደረጃ በፍጥነት ውጡ፣ ፑሽአፕና ስኳት ጨምሩበት። ጂሙን በሻንጣ ጭኖ የሚዞረውን ሰው እኔ አላደንቅም። ጠዋት፣ አብረዋችሁ ያሉት ሳይነሡ ጨርሱ፤ ከቁርስ በኋላ ቀኑ የእናንተ አይደለም። ስትጎበኙ የምትራመዱት ከንቱ አይቀርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ከመከረው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ሳምንታዊ መጠነኛ እንቅስቃሴ ውስጥ ፈጠን ያለው እርምጃ ይቆጠራል። የጠንካራዎቹን ሁለት ቀናት ቦታ ግን አይተካም።

መተው የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ተጉዛችሁ ከደረሳችሁ ተኙ። ቆላ የምትኖሩ ሰዎች ከ2,500 ሜትር በላይ ከወጣችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቀስታ ተራመዱ። ከባድ ሙቀት ለመልመድም ሰውነት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ከዕረፍት በኋላ እያነከሱ ወደ እኔ የሚመጡት በአብዛኛው በጉዞ የተጎዱ አይደሉም፤ በተመለሱ ማግስት «የቀረብኝን ላካክስ» ብለው የተነሡ ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከለመዳችሁት ክብደት ቀነስ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ሩጫውንም አሳጥሩት። ጅማት እንደ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም።