ባረጀ ሳንቲም ላይ የሚታይ ጉድለት ሲታተም የተፈጠረ ነው ወይስ በኋላ የደረሰ?

ጤና ይስጥልኝ። ከፍኖተ ሰላም የጻፉልን አባላችን ከአያታቸው ሣጥን ያገኟቸውን አራት ሳንቲሞች ፎቶግራፍ አያይዘው፣ የሚታይባቸው ጉድለት ሲታተሙ የተፈጠረ ነው ወይስ በኋላ የደረሰባቸው ጉዳት ብለው ጠይቀዋል። ሳንቲሞቹ አንበሳው ተዘቅዝቆ የሚታይበት ባለ 10፣ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነ ባለ 25፣ ፊደሉ የተደረበ የሚመስል የብር ባለ 50 እና ከጠርዙ ጥቂት የጎደለው የ1969 ዓ.ም. ባለ 5 ናቸው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ገበያዎች፣ በተለይም ከብር ሠሪዎች ዘንድ፣ አሮጌ ሳንቲም ስመለከትና ስሰበስብ የቆየሁ በመሆኔ የማውቀውን በዝርዝር ላስረዳ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ጉድለቱ ከሳንቲሙ ጋር አብሮ ማርጀቱን ነው። ሲታተም የተፈጠረ ጉድለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰው እጅና በኪስ ውስጥ ስለሚታሽ፣ አፉ ይደነዝዛል፣ ቀለሙም ከዙሪያው ጋር አንድ ይሆናል። በአንጻሩ የሳንቲሙ ፊት በሙሉ ልሙጥ ሆኖ ጉድለቱ ብቻ ስል ጠርዝ ካለው፣ ወይም ውስጡ ከዙሪያው ይልቅ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ጉዳቱ የደረሰው ሳንቲሙ ካረጀ በኋላ ነው። ይህን ለማየት ሳንቲሙን በመስኮት አጠገብ ይዞ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ማዘንበል ይበቃል፤ ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ብርሃን ግን ከፍታና ዝቅታውን ይደብቃል።

መስመር መሰል ምልክት ሲያጋጥም ደግሞ ከፍ ያለ ነው ወይስ የጎደጎደ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳንቲም የሚመታበት የብረት ማኅተም ሲሰነጠቅ፣ ሲመታ የሚለሰልሰው ብረት ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ይወጣል። ጭረት ግን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ጥፍርን ቀስ ብሎ በላዩ ማሳለፍ ብቻ ብዙ ጊዜ ይለየዋል።

ከላኳቸው ሁሉ እኔን የሳበኝ ባለ 5ቱ ነው። ሳንቲም ከመታተሙ በፊት ከረጅም የብረት ዝርግ ላይ ክብ ክቡ ይቆረጣል። ዝርጉ በሚገባ ሳይገፋ ቀርቶ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ በከፊል ካረፈ፣ በብርጭቆ አፍ ሊጥ የሚቆርጥ ሰው አንዱን ክብ በሌላው ላይ ሲያስገባ እንደሚሆነው፣ ክቡ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጎዶሎ ይዞ ይወጣል። በሞረድ የተቆረጠውን ከዚህ የሚለየው የጎዶሎው ትይዩ ነው። ክቡ ብረት ጠርዙ ከፍ እንዲል ከመታተሙ በፊት ዙሪያውን በመጫን ይንከባለላል፤ በጎደለው በኩል የሚጫነው ነገር ስለሌለ በትይዩውም ያለው ጠርዝ በቂ ግፊት አያገኝምና ሳስቶና ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ የእርስዎ ሳንቲም ጎዶሎው በ3 ሰዓት አቅጣጫ ቢሆን በ9 ሰዓት በኩል ያለውን ጠርዝ ይመልከቱ። በጎዶሎው አጠገብ ያሉ ፊደላትም ወደ ክፍተቱ የተሳቡና የደበዘዙ ከሆኑ ማስረጃው ይጠናከራል፤ ፊደሉ በቢላ እንደተቆረጠ ድንገት ካለቀ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ከፎቶግራፉ እንደማየው ትይዩው ጠርዝ በእርግጥ ሳስቷል፤ ሆኖም በሁለቱም ፊት መረጋገጥ አለበት።

በብር ባለ 50ው ላይ የሚታየው የፊደል መደራረብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ሁለት ጊዜ ታትሞበት ከሆነ፣ ሁለተኛው ምስል እንደ መጀመሪያው ሙሉና ክብ ይሆናል፣ የፊደሉ ማዕዘንም ለሁለት ተሰንጥቆ ይታያል። ማኅተሙ በምቱ ጊዜ ላልቶ ከተንሸራተተ ግን በፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ደረጃ ይፈጠራል፣ ፊደሉም ራሱ ይቀጥናል። የእርስዎ ሁለተኛው ዓይነት ይመስለኛል፤ ይህ በየአገሩ ሳንቲም የሚያጋጥም ስለሆነ ሰብሳቢዎች ተጨማሪ ዋጋ አይሰጡትም።

ባለ 25ቱ ምንም ስሕተት የለበትም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ባለ 25 ክብ ነበር፤ በመጠን ከብሩ ባለ 50 ጋር ስለሚቀራረብ ብር እየቀቡ የሚያሳልፉት ሰዎች በመኖራቸው ጠርዙ ወጣ ገባ እንዲሆን ተደረገ። ዓመቱም 1936 እንደሆነ ቀጥሏል፤ ስለዚህ በዓመቱ ብቻ ዕድሜውን መገመት አይቻልም።

የባለ 10ሩ አንበሳ መዘቅዘቅ ከሌሎች ተመሳሳይ ባለ 10 ሳንቲሞች ጋር ተነጻጽሮ የሚወሰን ነው፤ በፈረንሳይ ልማድ አንዱ ፊት ቀና ሲል ሌላው ተዘቅዝቆ ይታተም ነበርና መዘቅዘቁ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ሌሎቹ ቀጥ ብለው ይህ ብቻ ከዞረ ግን ማኅተሙ በቦታው ላይ ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ የዞረበት መጠን ሲበዛ ተፈላጊነቱም ይጨምራል።

በእኛ በጎጃም ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት ጠገራ ብሮች ናቸው። እናቶቻችን የማርያ ትሬዛንና የምኒልክን ብር አንገታቸው ላይ ያደርጉ ስለነበር፣ ብዙው በአናቱ በኩል ቀለበት ተበይዶበት ኋላ የተነቀለ ነው። ያ ቦታ በብር ተሞልቶ ሲሞረድ፣ ማኅተሙ በደንብ ያላረፈበት ወይም የማኅተሙ ጉድጓድ በቅባት ተሞልቶ ሳለ የታተመ ይመስላል። የማርያ ትሬዛን ጠርዝ ዞር አድርገው ይመልከቱ፤ በዙሪያው ከፍ ብለው የተጻፉት የላቲን ቃላት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቋርጠው ብረቱ ልሙጥ ከሆነ፣ የቀለበት ቦታ ነው። ሚዛን ላይም ከ28 ግራም ብዙ የራቀ ከሆነ ይጠርጥሩት።

አራቱንም ሳንቲሞች እባክዎ በሎሚና በአመድ አያሹ፤ ከላይ የጠቀስኩት የቀለም ማስረጃ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የባለ 5ቱን ሁለቱንም ፊት ብርሃን ከጎን አድርገው፣ ካልጎደለ ባለ 5 ጋር በወርቅ ሚዛን ከተመዘነ ክብደቱ ጋር ቢልኩልን የመጨረሻውን ፍርድ በጋራ እንሰጣለን።