«አሠልጥነን ስንጨርስ ይሄዳሉ»

«ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የሰው ኃይል ኃላፊ ከሆንኩ ስምንት ወሬ ነው። ያሠለጠንናቸው ልጆች ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሥራ አስኪያጁ ‹ከእንግዲህ ሥልጠና የለም፤ መሠልጠን የሚፈልግ ካለም ዲግሪውን ያስይዝ› ብለዋል። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ የሥራ አስኪያጁ ንዴት ይገባኛል። ገንዘብ አውጥተዋል። ዲግሪ ማስያዙን ግን እንዲተዉት አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት የሚሠራ ልጅ እግሩ ቢቀር ልቡ አይቀርም። እንግዳው ደግሞ ይህን ከፊቱ ያነበዋል።

እኔም የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ልኮኝ ነበር። ደብተር ሙሉ ጽፌ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ሰርተፍኬቴን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው። «ምን ይዘህ መጣህ?» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ወር ለቀቅኩ። ለሁሉም «ደሞዝ አንሶኝ ነው» አልኩ። እውነቱ ግን ያ ሰኞ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን እዪ፦ ልጆቹ ከሥልጠና ሲመለሱ ምን ይቀየራል? እንግሊዝኛዋን ያሻሻለች አስተናጋጅ ሪሴፕሽን ላይ ትሞከራለች? ወይስ እዚያው ትሪ እያመላለሰች ነው? ገናና ጥምቀት ላይ ሰው መቀያየር አትችሉም፤ ቤቱ ይሞላል። ክረምት ላይ ግን ወደ ዘጌ የሚሄደው እንግዳ ይቀንሳል፣ ሆቴሉም ይረጋጋል። ሐምሌና ነሐሴን ለዚህ ተጠቀሚባቸው። ከምግብ አዳራሽ ወደ ሪሴፕሽን፣ ከሪሴፕሽን ወደ ክፍል ማስያዝ እየተዘዋወሩ ይልመዱ።

የሙከራ ጊዜውንም አትናቂው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እኛ አዲሱን ልጅ የምንፈትንበት ጊዜ ይመስለናል። እሱም እኮ እየፈተነን ነው። ከአንድ ነባር አስተናጋጅ ጋር አጣምሪው፤ ነባሩም ለማስተማሩ የሆነ ነገር ያግኝ።

ስልጠና የማይፈታውም አለ። የፈረቃ ፕሮግራም ማታ ተነግሮ ጠዋት ግቡ ይባላል? ቲፕ እንዴት እንደሚከፋፈል ሁሉም ያውቃል? ሱፐርቫይዘሩ እንግዳ ፊት ይጮሃል? በእኔ ልምድ ሰው ፊት የተዋረደ ልጅ ደሞዝ ቢጨመርለትም ቂሙን አይረሳም። ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብትዪኝ፣ ይህን መጀመሪያ አስቁሚ።

አንዳንዱ ለደሞዝ ይሄዳል፤ እሱን አንቺ አታስቀሪውም። ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በእነዚያ ቀናት ቡና ጋብዢው። «ለምን ትሄዳለህ?» አትበዪው፤ ያዘጋጀውን መልስ ይሰጥሻል። «ለመሄድ መጀመሪያ ያሰብከው የትኛው ቀን ነበር?» በዪው። የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ሳታመላልሺ ስጪው። ሕጉም ያስገድዳል። ደግሞ በሰላም የተሸኘ ልጅ ታናሽ ወንድሙን ይልክልሻል፤ ራሱ የሚመለስም አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ በአንዴ አታቅርቢ። በዚህ ዓመት ከለቀቁት ውስጥ ለአምስቱ ደውዪ። ስለዚያች ቀን ጠይቂያቸው። ስማቸውን ሳትጠቅሺ መልሳቸውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ግቢ። የእኔን ምክር ላይሰሙ ይችላሉ፤ የልጆቹን ቃል ግን ያነቡታል ብዬ አምናለሁ።