ውኃው የት ይሄዳል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ሲቪል ኢንጂነር ናት። ሥራ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ትልልቆቹ የሠሩት ፕላን ላይ ስህተት ያየሁ ይመስለኛል። ግን የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም። ዝም ብል ይሻለኛል?» ትላለች።

በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁበት። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ይኸው ጥያቄ ለእኔም መጥቶልኝ ነበርና። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው። የምጀምረው ከአንድ የጀርመን እግር ኳስ ተከላካይ ነው። ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጀርመን አገር ትምህርቴን ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከኮሎኝ ደቡብ ምዕራብ፣ አይፍል በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነው። ፕላን ላይ ያለውን ፌሮ ቆጥሬ ሳይት ላይ ከታሰረው ጋር ማመሳከር ነበር ሥራዬ። ሌላ ነገር አይመለከተኝም። የሳይቱ ፎርማን ዱረን የምትባል ከተማ ልጅ ነበር። ዱረን ኖቬምበር 16 ቀን 1944 በአንድ ቀን የቦምብ ድብደባ የወደመች ከተማ ናት። ከ3,000 በላይ ሰው አልቆባታል። ፎርማኑ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። ስለዚያ ቀን ጠይቄው አያውቅም፣ እሱም አልነገረኝም። የሚነግረኝ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንደ እሱ በ1939 ዱረን ስለተወለደው ተከላካይ፣ ስለ ካርል-ሃይንዝ ሽኔሊንገር።

ቁርስ ላይ ኮንቴይነሯ ውስጥ ቁጭ እንላለን። እሱ ጥሬ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ዳቦ ላይ ቀብቶ ይበላል። እኔ አልበላም። መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ ለእኔ በአይብ ያዘጋጅልኝ ጀመር። ረቡዕና ዓርብ አይብም እንደማልበላ ሲገባው፣ ሚስቱ በማርማላታ ትቀባልኝ ነበር። የጾም ቀኖቼን ከእኔ ቀድሞ ያስታውስ ነበር። አገር ቤት ያሉ ወንድሞቼ እንኳን እንደዚያ አይጠነቀቁልኝም።

እና እየበላን ያወራል። ሽኔሊንገር ገና በ19 ዓመቱ ስዊድን ላይ የ1958ን የዓለም ዋንጫ ተጫወተ። ከዚያ ኮሎኝ ክለብ ገባ። በ1962 ኮሎኝ ኑረምበርግን 4 ለ 0 አሸንፎ የጀርመን ሻምፒዮን ሲሆን እሱ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ግራ መስመር የሚጠብቅ ተከላካይ! በአውሮፓ ምርጥነት ምርጫም ከማሶፑስትና ከኦሴቢዮ ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ።

ያኔ ጀርመን ውስጥ የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ ነበረው። ቡንደስሊጋ የተጀመረው በ1963 ነው። ልክ ሊጉ ሊጀመር ሲል እሱ ወደ ጣሊያን ሄደ። ማንቶቫ፣ ሮማ፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ሚላን። ዘጠኝ ዓመት ሚላን ተጫወተ። በ1968 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ሃምቡርግን 2 ለ 0 አሸነፉ። በ1969 ማድሪድ ላይ አያክስን 4 ለ 1 ረትተው የአውሮፓን ዋንጫ ወሰዱ። ጣሊያኖቹ «ቮልስዋገን» ይሉት ነበር። ይህን ስሰማ አዲስ አበባ ትዝ አለችኝ። ዳገቱን እያጓራች የምትወጣው፣ የማትከዳው ቮልስ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ለተከላካይ የለም።

እኔ እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ። ቦታውን ጠብቆ፣ አፉን ዘግቶ ሥራውን የሚሠራ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዛሬ ልጆች ላይ ይህን አጣለሁ። ሁሉም አጥቂ መሆን ይፈልጋል። ሥራው ሳይጠናቀቅ ፎቶው ይለጠፋል። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት የቆየ ሰው የተረሳ ይመስለዋል።

ፎርማኑ ግን ሁሉን ተርኮ የሚጨርሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጁን 17 ቀን 1970፣ ሜክሲኮ፣ አዝቴካ ስታዲየም። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ጣሊያንና ምዕራብ ጀርመን። ጀርመን አገር ጨዋታው የጀመረው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው። ፎርማኑ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። ለጣሊያን ቦኒንሴኛ በ8ኛው ደቂቃ አገባ። ከዚያ ጀርመኖች ሲያጠቁ አመሹ። አልገባ አለ። ቤከንባወር ትከሻው ወለቀ። ቅያሪ ስላለቀ እጁን ደረቱ ላይ ታስሮ ቀጠለ። ዘጠናው ደቂቃ አለቀ። ዳኛው ፊሽካውን ሊነፋ ነው። ግራቦቭስኪ ከግራ አሻማ። መሀል ላይ እግሩን ዘርግቶ ያገባው ማን ነው? ሽኔሊንገር! ለብሔራዊ ቡድኑ 47 ጊዜ ተሰልፎ ያገባት አንዲት ጎል ያቺ ናት። የጀርመኑ ኮሜንታተር «ከሰው ሁሉ ሽኔሊንገር!» አለ። እንጀራውን የሚበላው ጣሊያን ነዋ።

ጭማሪው ሰዓት ላይ አምስት ጎል ገባ። መጨረሻ ላይ 4 ለ 3 ያሸነፈችው ጣሊያን ናት። የመጨረሻዋን ያገባው ሪቬራ ነው፣ የሽኔሊንገር የሚላን ጓደኛ። ፎርማኑ ስለ ሽንፈቱ ደንታ አልነበረውም። «ተከላካይ ነው። ቦታው እዚያ አልነበረም። ግን እዚያ ተገኘ» ይልና ስኒውን አንስቶ ይወጣል።

አሁን ወደ እኔ ልመለስ።

አንድ መኸር ከመንገዱ በላይ ያለውን አፈር የሚደግፍ ግንብ ልንሠራ ነበር። ጠዋት ፎርማኑ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠራኝ። ጣቱን ከግንቡ ጀርባ አስቀመጠ። «ውኃው የት ይሄዳል?» አለኝ። አየሁ። በአንደኛው ክፍል ከግንቡ ጀርባ ውኃ ማስወጫ ቱቦ አልተሣለም። ቦታውን ደግሞ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ዝናብ ባይዘንብም ከኮረብታው ውኃ ይሰርጋል። መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋል። «ፕላኑ ላይ የለም» አልኩት። «ነገ ስብሰባ ላይ ተናገር። እኔ ፎርማን ነኝ፣ ስለ ፕላን ስናገር አይሰሙኝም። አንተ ኢንጂነር ነህ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ስብሰባው ላይ ስምንት ሰው ነበርን። ፕላኑን የሠራው ሰው ከፊቴ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት የሠራ፣ የተከበረ ሰው ነው። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመንኛዬ ስደነግጥ ይጠፋብኛል። አለቃው በመጨረሻ ዙሪያውን አየና «ሌላ የሚነሳ ነገር አለ?» አለ። ፎርማኑ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የፌሮ ዝርዝሬን አየሁ። ወረቀቶቹን ቀጥ አድርጌ ደረደርኳቸው። አለቃው አመስግኖ ተነሣ።

ያ ዝምታ አሥር ሴኮንድ ቢሆን ነው። ዛሬም የክፍሉን የቡና ሽታ አስታውሰዋለሁ።

ክረምቱ አለፈ። ማርች ላይ በረዶው ሲቀልጥ ግንቡ አዘነበለ፣ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ምርመራ ተባለ። ሪፖርቱ ላይ «ከግንቡ ጀርባ የተሞላው አፈር በደንብ አልተጠቀጠቀም» ተብሎ ተጻፈ። አፈር የሚያስጠቀጥቀው ፎርማኑ ነው። ከሳይት አንስተው መጋዘን አስገቡት። ልጆቼ፣ ያኔም መናገር እችል ነበር። አንዴ የዘገየ ሰው ሁለተኛ ዕድል ነበረው። ሁለተኛውንም ዝም አልኩ። ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። መጀመሪያ የፈራሁት ላልሆነ ነገር ነው። ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ሰው በእኔ ዝምታ እየተቀጣ መሆኑን እያየሁ ነው።

አልተቆጣኝም። መጋዘን ሄጄ ሳገኘው ዳቦዬን በማርማላታ ቀብቶ ነበር። ረቡዕ ነው። ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ አየሩ አወራን። ስለ ሽኔሊንገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ።

ሽኔሊንገር ሜይ 2024 ሚላን ውስጥ በ85 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ዜናውን ኩሽናዬ ውስጥ ሰምቼ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ስለ እሱ ማንበብ ጀመርኩ። ያቺን ጎል በተመለከተ ራሱ የተናገረው አስገረመኝ። ወደፊት የሄደው ጨዋታው ሊያልቅ ስለነበረና መልበሻ ክፍሉ በዚያ በኩል ስለሚቀርብ ነው። ለጀግንነት አልነበረም። መጀመሪያ ከፋኝ፣ ፎርማኑን የከዳሁት ያህል ተሰማኝ። አሁን ግን እንዲያውም ደስ ይለኛል። ቆርጦ የተነሣ ሰው አልነበረም። ኳሷ ስትመጣ ግን እግሩን ዘረጋ። እኔ ደግሞ ትክክለኛው ቦታ ላይ ተቀምጬ፣ ጥያቄው በስሜ የተጠራ ያህል ቀርቦልኝ፣ እግሬን ሰበሰብኩ።

ቅድም አፉን ዘግቶ የሚሠራን ሰው አመሰገንኩ። አሁን ተናገሩ ልል ነው። ሁለቱንም አምንበታለሁ፣ የሚያስታርቃቸው ሕግ ግን የለኝም። ሽኔሊንገር በዚያች ምሽት ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ወደፊት ቢሮጥ ኖሮ ጣሊያኖች ሦስት ያገቡ ነበር።

የእኔ ልጅ፣ ላንቺ የምለው ይህን ነው። ስብሰባው ሰኞ ነው ብለሽኛል። ቅዳሜ ፕላኑን ይዘሽ ሳይቱን በእግርሽ ዙሪው። እዚያ ያለውን ፎርማን «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለሽ ጠይቂው፣ ቦታውን ከሁላችሁም ያውቀዋል። ከዚያ ስህተት ነው ብለሽ አትጀምሪ። ጣትሽን ፕላኑ ላይ አድርጊና ጥያቄ ጠይቂ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ግቢ። ስትደነግጪ ቃል ይጠፋል፣ ወረቀት ግን አይጠፋም። ተሳስተሽ ከሆነም ያርሙሻል፣ እፍረቱ እስከ ማክሰኞ ያልቃል።

ሰኞ ስትወጪ ደውይልኝ። ማታም ቢሆን ስልኬ ክፍት ነው።