ፔጁን አትዝጊው፣ ግን ብቻሽን አትስሪ

እህቴ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አራተኛ አመት ነሽ፣ ስለ ቡና ገበያና ስለ ከተማው የምትፅፊበት ፔጅ 6 ሺ ተከታይ አለው፣ አባትሽ ደግሞ "ይሄን ነገር ዝጊና የመንግስት ስራ ፈልጊ" እያሉ እንቅልፍ ነስተውሻል።

እኔ ዝጊው አልልሽም። ግን አባትሽም ዝም ብለው አይደለም የፈሩት። ሚያዝያ 2006 ላይ ዞን 9 የሚባሉት፣ ኢንተርኔት ላይ የሚፅፉ ጦማሪዎች 6 ሆነው ከ3 ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ ያየ ወላጅ እንዴት አይፈራ? "ስለሚያገባን እንጦምራለን" ነበር የሚሉት ልጆቹ፣ የተከሰሱት ግን በሽብር ነው፣ መረጃን ከጠለፋ ስለመጠበቅ ስልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ክሱ ውስጥ ገብቷል። ገሚሶቹ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፣ ሌሎቹ ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ያ ሁሉ ጊዜ ግን ከእድሜያቸው ላይ ሄዷል፣ ይሄ ዛሬም ያመኛል።

ስልክ ትልቅ ነገር ሰጥቶሻል። ድሮ ጋዜጣ ላሳትም ያለ ሰው ፈቃድ፣ ወረቀት፣ ማተሚያ ቤት ይፈልግ ነበር፣ አንቺ ግን መርካቶ ቆመሽ ያየሽውን እዛው ትፖስቺዋለሽ። ግን ያው ስልክ ኔትወርኩ ከጠፋ በቃ፣ ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ አይተነዋል። ደግሞ ጋዜጣ ቤት ያለ ሰው ከኋላው አርታኢ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ አንቺ ከኋላሽ ማን አለ?

በህጉ በኩል ሁለት አዋጅ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አንዱ የጥላቻ ንግግርና የሀሰተኛ መረጃው 1185/2012 ነው፣ ሀሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 አመት እስራት ወይ እስከ 100,000 ብር ይደርሳል፣ አንቺ ደግሞ 5 ሺን አልፈሻል። ሌላው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ነው፣ በሚዲያ ስራ የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ተብሎ ቀጠሮ ሳይጠየቅበት ቶሎ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ አይገኝም፣ እሱን አልዋሽሽም፣ ግን መብትሽን ካላወቅሽው እንዴት ብለሽ ትጠይቂዋለሽ።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ስሰራ የእሸት ቡና ዋጋ ጨምሯል ብሎ ደላላ ነገረኝና እየሮጥኩ ፅፌ አመጣሁ። አርታኢው ወረቀቱን ይዞ "ሁለተኛው ሰው ማነው?" አለኝ፣ ከደላላው ሌላ ማን አረጋገጠልህ ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። ሄጄ ገበሬዎቹን ስጠይቅ ዋጋው እንዳለ ነው ያለው፣ ደላላው የፈለገውን አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያ ቢተላለፍ ስንቱ ገበሬ ይጨምራል ብሎ ቡናውን ይዞ ይቆይ ነበር፣ እሸት ደግሞ ከተለቀመ አይቆይም እኮ። ፔጅሽ ላይ ያንን ጥያቄ የሚጠይቅሽ ሰው የለም፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ስትመረቂ ቢያንስ አንድ አመት አርታኢ ያለበት ቤት ግቢ፣ ደሞዙ ትንሽም ቢሆን። እስከዛው የዩኒቨርሲቲው ማህበረሰብ ሬዲዮ ቅርብሽ ነው፣ ሂጂ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መፃፍሽ ጅማ ላይ ትልቅ ነገር ነው፣ በላክሽልኝ ሲቪ ላይ ግን ከታች ቀብረሽዋል፣ ከላይ አድርጊው። ፔጁ ይቀጥል፣ ግን ከመፖስትሽ በፊት የሚያነብልሽ አንድ ጓደኛ ያዢ፣ ከክፍልሽም ይሁን። የነገሩሽን ሰዎች ስም ስልክሽ ላይ አታስቀምጪ።

አባትሽንም አትሽሺያቸው፣ ቡና ሲጠጡ ጎናቸው ቁጭ በይና አንድ ፅሁፍሽን አንብቢላቸው። ከዛ በጣም የምትወጃቸውን ሶስት ፖስቶች አትመሽ ቢሮዬ ነይ፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለተኛው ሰው ማን እንደነበር አብረን እናያለን።